አድራጊው የት ሄደ?

ብዙ ተማሪዎች «ተደርጓል»፣ «ተወስኗል»፣ «ተገልጿል» እያሉ ሲጽፉ ጽሑፋቸው የሚከብር ይመስላቸዋል። በእኔ አስተያየት ግን ተደራጊ ግሥ ያለ ቦታው ሲገባ ጽሑፍን ያጨልማል እንጂ አያከብርም።

መምህር በነበርሁበት ጊዜ አንድ ተማሪ የስፖርት ክበቡን ቃለ ጉባኤ ጽፎ እንዲህ ሲል አነበበ፤ «ከአባላት መዋጮ ተሰበሰበ። ገንዘቡ ለኳስ መግዣ ተሰጠ። ኳሱ ግን እስካሁን አልተገዛም።» ከሰዋስው አንጻር ስሕተት የለበትም። ነገር ግን መዋጮውን ማን ሰበሰበው? ለማንስ ሰጠው? አባላቱ መልስ ቢያጡ ጸሐፊውን ራሱን ይጠረጥሩት ጀመር። ልጁ እንባ እየተናነቀው እንደገና ጻፈው፤ «ገንዘብ ያዡ መዋጮውን ሰበሰበ፤ ለኳስ መግዣም ለሊቀ መንበሩ ሰጠው። ሊቀ መንበሩ ግን እስካሁን ኳሱን አልገዛም።» የተለወጡት ሦስት ግሦች ብቻ ናቸው፤ ጥርጣሬው ግን ከልጁ ላይ ወረደ። ኳሱም በሳምንቱ ተገዛ። (ማን እንደ ገዛው መንገር አያሻኝም።)

በአማርኛ ደግሞ ሌላ ችግር አለ። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ድምፅ ለይቶ አያሳይም። «ተማሪው ነገ ይጠራል» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ተመልከቱ። «ጠ» ላልቶ ሲነበብ ጠሪው ተማሪው ነው፤ ጠብቆ ሲነበብ ግን ተጠሪው እርሱ ነው። «ይመታል» እና «ይበላል» የሚሉትም እንዲሁ ናቸው። በንግግር ጊዜ ጆሮ ይለያቸዋል፤ በወረቀት ላይ ግን አንባቢው ይደናገራል። «መምህሩ ተማሪውን ነገ ይጠራዋል» ብንል አድራጊውም ተደራጊውም በየቦታቸው ይታያሉ።

«በ» የሚለውም መስተዋድድ በተደራጊ ግሥ ፊት ሁለት ሥራ ይሠራል፤ «በዱላ ተመታ» ሲል መሣሪያውን፣ «በወንድሙ ተመታ» ሲል አድራጊውን ያመለክታል።

ይህን ስላልሁ ግን በ«ተ» የሚጀምረውን ግሥ ሁሉ አታሳድዱ። «ተማረ»፣ «ተቀመጠ»፣ «ተቀበለ» የሚሉት በ«ተ» ቢጀምሩም ድርጊቱን የሚፈጽመው ባለቤቱ ራሱ ነው። አድራጊው በማይታወቅበት ጊዜም ተደራጊ ግሥ ተገቢ ቦታ አለው። ሌባው ካልታወቀ «ሌሊት ሱቁ ተዘረፈ» ከማለት የተሻለ አነጋገር የለም። ሌባው የታወቀ ዕለት ግን ዓረፍተ ነገሩም ይለወጥ።