እሳት አጥፊዋ ጀልባ

ባለፈው ሳምንት በማታው ትምህርት «እሳት» የሚለውን ቃል ስንጽፍ አንድ አባት እጃቸውን አወጡ። «ልጄ፣ ውሃ ላይ ያለ ነገር ይቃጠላል ወይ?» ብለው ጠየቁኝ። አዎ፣ ይቃጠላል። ነገሩን በአንዲት ጀልባ ታሪክ እንየው። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ኒው ዮርክ በአሜሪካ አገር ያለች ትልቅ ከተማ ናት። ወንዝና ባሕር ከበዋታል። ዱሮ ብዙው የመርከብ ማቆሚያ ከእንጨት የተሠራ ነበር። በዳር በዳሩ ዕቃ የሚከማችባቸው መጋዘኖች ነበሩ። እዚያ እሳት ሲነሣ በፈረስ የሚጎተተው የእሳት አደጋ ጋሪ በውሃው በኩል መድረስ አይችልም። ስለዚህ ከተማዋ እሳት የሚያጠፉ ጀልባዎች አሠራች።

ከነዚህ አንዷ በ1903 ሥራ ጀመረች። በዚያው ዓመት በሞቱት በቀድሞው ከንቲባ ስም «አብራም ሂዊት» ተባለች።

እንዴት ነው የምትሠራው? በሆዷ ውስጥ የድንጋይ ከሰል ይነዳል። እሳቱ ውሃ ያፈላል። የፈላው ውሃ እንፋሎት ይሆናል። ድስት ሲፈላ ክዳኑ ሲነሣ አይታችሁ የለም? ክዳኑን የሚያነሣው ኃይል ጀልባዋን ይነዳል፤ ፓምፑንም ያንቀሳቅሳል። ፓምፑ የወንዙን ውሃ ይስብና በቱቦ ወደ እሳቱ ይረጫል። እሳትን የምታጠፋው በእሳት ጉልበት ነው ማለት ነው። ውሃዋም አያልቅባትም፤ ወንዙ ጎተራዋ ነው።

በ1904 ሰኔ ወር ከባድ አደጋ ደረሰ። «ጄኔራል ስሎከም» የምትባል የመንገደኛ መርከብ 1,300 ያህል ሰዎች ጭና በወንዙ ላይ ትሄድ ነበር። አብዛኞቹ ለቤተ ክርስቲያን ሽርሽር የወጡ እናቶችና ልጆች ነበሩ። መርከቧ ውስጥ እሳት ተነሣ። ሠራተኞቹ የውሃ ቱቦ ዘረጉ። ቱቦው በስብሶ ነበርና ፈነዳ። ሰዎቹ በውሃ ላይ የሚያንሳፍፈውን ሰደርያ አነሡ። ሰደርያው አርጅቶ በእጃቸው ላይ ተበጣጠሰ፤ ውስጡ ያለው ቡሽም ዱቄት ሆኖ ነበር።

እሳት አጥፊ ጀልባዎች ወደዚያ ገሠገሡ። አብራም ሂዊትም ሄደች። ነገር ግን እሳቱ በደቂቃዎች ውስጥ መርከቧን ጨርሷት ነበር። ከ1,000 በላይ ሰዎች ሞቱ።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ከአደጋው ጥቂት ሳምንታት በፊት መርማሪ መጥቶ መርከቧን አይቷል። «ዕቃው ሁሉ ደኅና ነው» ብሎ በወረቀት ላይ ፈርሟል። ወረቀቱ ደኅና አለ፤ ቱቦው ግን የበሰበሰ ነበር። እኛ አሁን ማንበብ ችለናል፤ ደስ ይላል። ቢሆንም የተጻፈ ሁሉ እውነት አይደለም። ወረቀቱን እናንብብ፤ ዕቃውንም በእጃችን እንዳስስ።

አብራም ሂዊት ግን 55 ዓመት ሠራች። ይህን ያህል የቆየችው ሰው ስለጠበቃት ነው። ቦይለሯ ይጠረጋል፤ ፓምፑ ዘይት ይቀባል፤ ቱቦው ይፈተሻል። በ1958 ከሥራ ስትወጣ ከከተማዋ እሳት አጥፊ ጀልባዎች መካከል በከሰል የምትሠራ የመጨረሻዋ ነበረች። ከዚያ በኋላ በከተማዋ ዳር፣ አሮጌ መርከቦች በሚጣሉበት ስፍራ ተጣለች። ጭቃው ውስጥ ግማሽ አካሏ ሰጠመ። ብረቷ ዛገ። ያን ሁሉ ዓመት እሳት ያልበገራትን ጀልባ ጠባቂ ማጣት ጣላት።

አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። የእኛ ጎጆ ሣር ክዳን ነው፤ ጀልባም የለንም። ዛሬ ማታ ከመተኛታችን በፊት እንይ። ፍሙ በአመድ ተዳፍኗል? እንስራው ውሃ አለው? መሰላሉስ ሰው ይሸከማል? «አለ» ብቻ አንበል፤ ረገጥ አድርገን እንሞክረው።

አዲስ ቃላት፦
እንፋሎት፦ ውሃ ሲፈላ የሚወጣ ጭስ መሰል ነገር።
ቦይለር፦ ውሃ የሚፈላበት ትልቅ የብረት ጋን።
መርማሪ፦ ነገሩ ደኅና መሆኑን የሚያይ ሰው።

ለውይይት፦
1. ቱቦው ለምን ፈነዳ?
2. የመርማሪው ጥፋት ምንድን ነው?
3. በሰፈራችን እሳት ቢነሣ ማን ውሃ ያመጣል? ማንስ መሰላል ይይዛል? ተነጋግራችሁ ስማቸውን ጻፉ።