የልብ ደስታ ሽሽት ነውን?

በተማሪዎች መካከል ስለ ልብ ደስታ አፉን ከፍቶ የሚናገር ሰው ብዙ ሳይቆይ ከሁለት ስሞች አንዱ ይወጣለታል። አንደኛው ወገን «ከትግል የሸሸ» ይለዋል፤ ሁለተኛው ወገን ደግሞ «ዓለምን የናቀ» ብሎ ያመሰግነዋል። እኛ እንደሚመስለን ስድቡም ምስጋናውም ከአንድ ስሕተት የመነጩ ናቸው። ሁለቱም ወገኖች ደስታን የሚያስቡት ከሰውና ከሥራ ርቆ፥ በር ዘግቶ የሚገኝ ነገር አድርገው ነው። ልዩነታቸው አንዱ በሩን ሊሰብር፥ ሌላው ሊቆልፍ መፈለጉ ብቻ ነው።

ይህን ለማስረዳት ከቤታችን ራቅ ብለን የአንድ ሕዝብ ግጥምና ትምህርት ልንመለከት እንወዳለን። ሕዝቡ የፑንጃብ ሲኮች ናቸው። ብዙዎቻችን ሲክን የምናውቀው በጥምጥሙና በወታደርነቱ ነው። ይህም ያለ ምክንያት አይደለም። በ1941 (እዚህ የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ኢጣልያንን ከምሥራቅ አፍሪካ ለማስወጣት ከዘመቱት የሕንድ ጦሮች ውስጥ ሲኮች ነበሩ፤ በመተማ በኩል በመንገድ ላይ የተቀበረውን ፈንጂ በማጽዳቱ የቪክቶሪያ መስቀል የተሸለመው ወጣቱ መኮንን ፕሬሚንድራ ሲንግ ባጋትም ከእነዚሁ የሕንድ ጦሮች ወገን ነበር። ከዚያም ወዲህ በፓቲያላ ከተማ በሚገኘው በፑንጃቢ ዩኒቨርሲቲ ገብተው የተማሩ ወገኖቻችን አሉ። ነገር ግን ከጥምጥሙ በታች ስላለው አሳብ፥ ይህ ሕዝብ አምስት መቶ ዓመት ያህል ሲዘምረው ስለ ኖረው ግጥም በመካከላችን እምብዛም አይነገርም።

የትምህርቱ መነሻ ጉሩ ናናክ ነው። ጉሩ ማለት መምህር ማለት ነው። ናናክ በ1469 ዛሬ በፓኪስታን ውስጥ በምትገኘው፥ በእርሱም ስም ናንካና ሳሂብ በምትባለው ስፍራ ተወለደ፤ በ1539 ዐረፈ። በወጣትነቱ በሱልታንፑር ከተማ የገዥው የእህል ግምጃ ቤት ሠራተኛ ነበር። ከዚያ በኋላ ብዙ አገር ሲዞር ከጎኑ ያልተለየው ማርዳና የሚባል ሙስሊም ነው፤ ማርዳና ራባብ የሚባለውን ባለ አውታር መሣሪያ ይመታል፥ ናናክ ይዘምራል። በዕድሜው መጨረሻም ካርታርፑር በሚባለው ስፍራ ተቀምጦ እርሻ ያርስ ነበር።

በዚያ ዘመን ቤታቸውን ትተው በየተራራው የሚኖሩ፥ ሰውነታቸውን አመድ የሚቀቡ ዮጊዎች ብዙ ነበሩ። ናናክ ከእነርሱ ጋር ተከራክሯል፤ ክርክሩም በግጥም ተጽፎ ይገኛል። የነገሩ ፍሬ በእኛ አነጋገር ሲጠቃለል ይህ ነው፤ ጫካ የገባ ሰው ልቡን ይዞ ስለሚገባ ከልቡ ጣጣ አያመልጥም፤ ልብ የሚሰናዳው ሰው በሰውነቱ በሚፈተንበት፥ በቤትና በገበያ መካከል ነው። ሲኮች ይህን ትምህርት በሦስት ነገር ያጠቃልሉታል። አንደኛው የፈጣሪን ስም ማሰብ፥ ሁለተኛው በላብ ሠርቶ መኖር፥ ሦስተኛው ያገኙትን ከሌላው ጋር ተካፍሎ መብላት ነው። ሦስቱ እንደ ጉልቻ ናቸው፤ አንዱ ቢነሣ ድስቱ ይደፋል።

እንግዲህ ሰውን ደስታ የሚከለክለው ምንድር ነው? የጉሩዎቹ መልስ «ሃውማይ» የሚል ነው፤ «እኔ፥ እኔ» እንደ ማለት ነው። ፍትወት፥ ቁጣ፥ ስስት፥ በሚያልፍ ነገር ላይ ተጣብቆ መቅረትና ትዕቢት ሁሉም ከዚህ ግንድ የበቀሉ ቅርንጫፎች ናቸው። ሰው የሚሠራውን ሁሉ ለ«እኔ» ማገዶ ካደረገው ጸሎቱም ቢሆን፥ ምጽዋቱም ቢሆን፥ ዕውቀቱም ቢሆን እሳቱን ያባብሰዋል እንጂ አያበርደውም።

ገጣሚዎቹ ይህን በቃል ብቻ አልተዉትም። ጉሩ ግራንት ሳሂብ በሚባለው በሲኮች ቅዱስ መጽሐፍ ውስጥ የስድስት ጉሩዎች ግጥም ይገኛል፤ ነገር ግን ስድስቱም በግጥማቸው ውስጥ ስም ሲያስገቡ የሚያስገቡት የየራሳቸውን ሳይሆን «ናናክ» የሚለውን ነው። የትኛው ግጥም የማን እንደ ሆነ የሚለየው በራስጌው በተጻፈው ተራ ቁጥር ነው፤ የአንደኛው፥ የሦስተኛው፥ የአምስተኛው እየተባለ። በዚህች መጽሔት ላይ ጽሑፍ የሚያወጣ ሰው የማባዣው ቀለም ሳይደርቅ አስቀድሞ የሚፈልገው የገዛ ስሙን መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ ስምን ለመምህር ሰጥቶ መጻፍ ምን ያህል ከባድ ትምህርት እንደ ሆነ ለማንም ማስረዳት አያስፈልገንም።

መጽሐፉን በ1604 ያጠናቀረው አምስተኛው ጉሩ፥ አርጃን ነው። ዛሬ በሚታተምበት ሥርዐት 1,430 ገጽ አለው። ከጥቂቱ በቀር ግጥሞቹ የተደረደሩት በዜማ ነው፤ 31 ራጋዎች፥ ማለት የዜማ ስልቶች አሉት። በብዙዎቹ ግጥሞች ውስጥ «ራሃኦ» የሚል ምልክት ያለበት ስንኝ ይገኛል፤ ትርጓሜው «ቆም በል» ማለት ነው። የግጥሙ ዋና አሳብ የተቀመጠው በዚያ ስንኝ ነው፤ ዘማሪዎቹም የቀረውን ከፍለው ሲዘምሩ ደጋግመው ወደ እርሱ ይመለሳሉ። የሚባክን ልብ በትእዛዝ አይቆምም፤ ዜማው ግን እየወሰደ እየመለሰ ከአንድ ነገር ላይ ያሳርፈዋል። ዳዊት በሚደገምበት ቤት ያደገ አንባቢ ይህ አሠራር እንግዳ አይሆንበትም።

ከጉሩዎቹም ሌላ አርጃን የ15 ባጋቶችን፥ ማለት የቀደሙ መንፈሳውያን ባለ ቅኔዎችን ግጥም በመጽሐፉ አስገብቷል። ከእነርሱ መካከል ካቢር ሸማኔ ነው፤ ራቪዳስ የቆዳ ሠራተኛ ነው፤ ናምዴቭ ልብስ ሰፊ ነው፤ ፋሪድ የሙስሊም ሱፊ ነው። ሕዝቡ በመጽሐፉ ፊት ሲሰግድ የሸማኔውና የቆዳ ሠራተኛው ቃል በዚያው ውስጥ አለ። በአገራችንም ሸማኔና ፋቂ ምን ሲባሉ እንደ ኖሩ የሚያውቅ አንባቢ የዚህን ነገር ክብደት ይረዳዋል።

አሁን ወደ ደስታው እንመለስ። «አናንድ» የሚለው ቃል ፍጹም ደስታ ማለት ነው። በዚህ ስም የሚጠራውን ባለ 40 ክፍል ግጥም የደረሰው ሦስተኛው ጉሩ፥ አማር ዳስ ነው። ይህ ሰው ወደ ትምህርቱ የመጣው ዕድሜው ከገፋ በኋላ ነው። ሲኮች እንደሚተርኩት ሌሊት እየተነሣ ከቢያስ ወንዝ ውኃ እየተሸከመ ለመምህሩ ለጉሩ አንጋድ ያመጣ ነበር። ጉሩ የሆነው በ1552፥ በ73 ዓመቱ ነው። እንግዲህ ስለ ፍጹም ደስታ የዘመረው ኑሮ የተመቸው ወጣት ሳይሆን ውኃ ሲቀዳ የኖረ ሽማግሌ ነው።

ይኸው ሽማግሌ ሊያየው የሚመጣ ሰው ሁሉ አስቀድሞ ከሌላው ሕዝብ ጋር በአንድ ረድፍ መሬት ላይ ተቀምጦ እንዲበላ አዘዘ። የጋራው ማእድ ላንጋር ይባላል። ንጉሠ ነገሥቱ አክባር ሳይቀር በዚያ ረድፍ ተቀምጦ እንደ በላ ሲኮች ይተርካሉ። ካስት የሚባለው የትውልድ መደብ ማን ከማን ጋር መብላት እንደሚገባው በሚወስንበት አገር ይህ ትልቅ ድፍረት ነበር። ትእዛዙ ግን ከግጥሙ የተለየ ነገር አይደለም። «እኔ» የሚለው ትዕቢት በስብከት ብቻ አይወድቅም፤ ከናቁት ሰው ጎን ተቀምጠው ከአንድ ድስት ሲበሉ ግን ጉልበቱ ይደክማል። ዛሬም በአምሪትሳር በሚገኘው በሃርማንዲር ሳሂብ፥ ብዙ ሰው ወርቃማው ቤተ መቅደስ በሚለው ቦታ፥ በየቀኑ በብዙ አሥር ሺሕ የሚቆጠር ሕዝብ ሃይማኖቱና ዘሩ ሳይጠየቅ በነፃ ይመገባል። ሽንኩርት የሚልጠው፥ ሳህን የሚያጥበው አብዛኛው በፈቃዱ የመጣ ሰው ነው።

ሌላም ነገር አለ። በሲኮች ሥርዐት የአናንድ የመጀመሪያዎቹ አምስት ክፍሎችና የመጨረሻው ክፍል በማኅበር ጸሎት መዝጊያ ይዘመራሉ። በሠርግም ይዘመራሉ፤ በለቅሶም ይዘመራሉ። ሬሳ ሸኝተው የተመለሱ ሰዎች የደስታ መዝሙር መዘመራቸው መጀመሪያ ለሰማ ሰው ግራ ነው። ነገር ግን የአሳቡ ቁልፍ ያለው እዚህ ላይ ነው። አናንድ ነገር ሲሳካ የሚመጣ፥ ሲከሽፍ የሚሄድ ፈንጠዝያ አይደለም። ሐዘንተኛውን አታልቅስ አይለውም፤ ያለቀሰው ሰው የሚቆምበት መሬት ይሰጠዋል እንጂ። ፈተና ሲያልፍ ሰማይ የሚነካ፥ ሲወድቅ መቃብር የሚመኝ ተማሪ ይህን ልዩነት ቢያስብበት አይጎዳም።

አርጃንም በአሟሟቱ ይህንኑ አሳይቷል። ሱክማኒ የሚባለው፥ 24 ክፍል ያለው፥ ስለ አእምሮ ሰላም የሚናገረው ረጅም ግጥም የእርሱ ነው። ይህ ሰው በ1606 በንጉሠ ነገሥቱ በጃሃንጊር ትእዛዝ ተይዞ በላሆር ከተማ ተገደለ። የሰላም ገጣሚ ነበርና ዝም ብሎ ተኝቶ ኖረ ሊባል አይቻልም። እንዲያውም ሰላሙን በገዥ እጅ ያላደረገ ሰው ገዥን የሚያስፈራ ሰው ነው።

በዚህ ጊዜ የመጀመሪያው ወገን «ይህ የጥንት ታሪክ ነው፤ ዛሬ መዝሙር ሕዝብን ከማስተኛት በቀር ምን ይሠራል?» ይለን ይሆናል። መልሳችን ሩቅ አይደለም። በሴፕቴምበር 2020 የሕንድ መንግሥት የእርሻ ምርት ገበያን የሚመለከቱ ሦስት ሕጎች አወጣ። ከኖቬምበር ወር ጀምሮ ከፑንጃብ፥ ከሃርያናና ከሌሎችም ግዛቶች የመጡ ገበሬዎች ትራክተሮቻቸውን ይዘው በዴልሂ ዳርቻ፥ በሲንጉና በቲክሪ መንገድ ላይ ሰፈሩ። ሁሉም ሲኮች አልነበሩም፤ ከፑንጃብ የመጡት ግን አብዛኞቹ ሲኮች ነበሩ። ብርዱንና ሐሩሩን ችለው አንድ ዓመት ያህል ቆዩ፤ ብዙ ሰውም በዚያው ሞተባቸው። በሰፈሩ ውስጥ የጠዋትና የማታ ጸሎት ነበረ፤ ላንጋርም ነበረ፤ ምግቡም ለሰልፈኛው ብቻ ሳይሆን ለአላፊ አግዳሚው ጭምር ነበር። በኖቬምበር 19 ቀን 2021 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሕጎቹ እንደሚሻሩ አስታወቁ፤ ቀኑም የጉሩ ናናክ የልደት በዓል ነበር። ገበሬዎቹን ያሸነፉት መዝሙሩ ብቻ ነው አንልም፤ ማኅበራቸው፥ ብዛታቸውና ጽናታቸው ነው። ነገር ግን ጽናት ከየት ይመጣል ብሎ መጠየቅ ይገባል። በቁጣ ብቻ የተነሣ ሰው በሦስት ሳምንት ይደክማል።

ሁለተኛው ወገን ደግሞ ግጥሙን ወስዶ ሽንኩርት መላጡን ይተወዋል። ዛሬ በየአገሩ የምሥራቅን ጥበብ ለጭንቀት ማስታገሻ ብቻ የሚፈልግ ብዙ ነው። ይህ ሦስቱን ጉልቻ አንድ ማድረግ ነው። ሳህን ያላጠበ፥ ከማይወደው ሰው ጋር ያልበላ ሰው አገኘሁት የሚለው ጸጥታ የተደላደለ «እኔነት» እንዳይሆን ያሠጋል።

እውነቱን ለመናገር ግጥሙ በራሱ ሰውን አይለውጥም። የትውልድ መደብን የሚያወግዝ መጽሐፍ በተከበረባት በፑንጃብ የተለያየ መደብ ያላቸው ሰዎች ለየብቻ ጸሎት ቤት፥ ለየብቻም የአስከሬን ማቃጠያ ስፍራ ያላቸው መንደሮች አሉ። ጉሩ አማር ዳስ ስለ ሴቶች መብት ተናግሮ ሳለ፥ የፑንጃብ ምክር ቤት ሴቶች በሃርማንዲር ሳሂብ ውስጥ እንዲዘምሩ ይፈቀድላቸው ብሎ የጠየቀው ገና በ2019 ነው። ይህ ግን የግጥሙን ትምህርት አያፈርሰውም፤ ያጠናክረዋል እንጂ። «እኔ» የሚለው ነገር ቅዱስ መጽሐፍ ባለበት ቤትም ወንበር አያጣም ማለት ነው።

እኛም ይህን የምንጽፈው ተማሪው ሃይማኖቱን ይለውጥ ብለን አይደለም። ከየእምነታችንና ከየአሳባችን ሳንወጣ የምንወስደው አንድ መለኪያ ስላለ ነው። በጸሎት የሚተጋ ወንድማችን ከጸሎቱ ሲነሣ ለማን እንደሚሠራ፥ ከማን ጋር እንደሚበላ ይመርምር። ለሕዝብ የሚታገል ጓደኛችንም በስብሰባ ላይ ድምፁን ሲያነሣ የሚሞቀው የሕዝቡ ነገር ይሁን የራሱ ስም ይመርምር። ሁለቱም በመልሱ ሊያፍሩ ይችላሉ፤ ያፈሩ ዕለት ግን አንዱ የሌላውን ጎድሎ እንደ ያዘ ያዩታል።

ልቡ ያረፈ ሰው ከትግል የሸሸ አይደለም። በሚያሸንፍበት ቀን የማይታበይ፥ በሚሸነፍበትም ቀን የማይሸጥ እርሱ ነው። አገርም ከተማሪዎቿ የምትፈልገው እንዲህ ያለውን ሰው ነው።