ድንጋዩን ገልብጡት

የጠራ ውሃ ሁሉ ንጹሕ ይመስለናል። እዚህ እስራኤል፣ ከረሖቮት ከተማ ብዙም ሳይርቅ የሚያልፈው ናሐል ሶሬቅ በበጋ አንዳንድ ቦታ ላይ ወለሉ እስኪታይ ድረስ ጥርት ይላል። ዳር ዳሩን ሸምበቆ ለምልሞበታል፤ ሰውም በዕረፍት ቀኑ ልጆቹን አስከትሎ ይንሸራሸርበታል። የጎንደሩን መገጭ በሐምሌ ያየ ሰው ደግሞ የሚያስታውሰው ቡናማ ጎርፍ ነው። ከሁለቱ ወንዞች የታመመው የትኛው ነው ብንባል አብዛኞቻችን ሳናመነታ ጣታችንን ወደ መገጭ እንቀስራለን። እኔ ግን መልስ ከመስጠቴ በፊት ድንጋይ ገልብጬ ማየት እፈልጋለሁ።

በጅረት ወለል፣ ከድንጋይና ከደለል ሥር፣ ዓይን የማይጥልባቸው ፍጥረታት ይኖራሉ። የነፍሳት ዕጮች፣ ቀንድ አውጣዎች፣ አልቅቶች፣ ትሎች ናቸው። አከርካሪ የላቸውም፤ ብዙዎቹ ከአውራ ጣት ጥፍር አይበልጡም። የወንዝን ጤና የሚያጠኑ ሰዎች ግን ከላቦራቶሪ ወረቀት እኩል፣ አንዳንዴም አብልጠው የሚያምኑት እነዚህን ነው።

አንድ ጠርሙስ ውሃ ቀድተው ቢያስመረምሩ ውጤቱ የሚነግርዎ ጠርሙሱ በተሞላበት ደቂቃ የነበረውን ብቻ ነው። አንድ ፋብሪካ ሐሙስ ሌሊት መርዝ ቢለቅ፣ ወይም ዝናብ የፍሳሽ ቱቦውን አጥለቅልቆት ለጥቂት ሰዓት ወደ ወንዙ ቢገባ፣ እሑድ ጠዋት ጠርሙሱን ይዞ የሚመጣው መርማሪ ምንም ላያገኝ ይችላል። ውሃው አልፏል፣ ባሕር ገብቷል። ከድንጋዩ ሥር ያለችው ዕጭ ግን ሮጣ አታመልጥም። ወራትን፣ አንዳንዷም ዓመቱን ሙሉ እዚያው ትኖራለች፤ በላይዋ ያለፈውን ሁሉ በገላዋ ትቀበለዋለች። ከሞተች ቦታዋ ባዶ ይቀራል፤ ያንን ባዶ ቦታ መርማሪው ከሳምንታት በኋላም ያገኘዋል። ጥፋተኛው ማን እንደሆነ አትነግረውም፤ ለዚያ ኬሚስቱ ያስፈልጋል። ጥፋት መፈጸሙን ግን ትመሰክራለች።

ከነዋሪዎቹ መካከል አንዷ ከጭራዋ ሦስት ቀጫጭን ክሮች የሚወጡላት፣ ግራና ቀኝ ጎኗ ላይ መተንፈሻዋን የደረደረች ዕጭ ናት። ወራትን በውሃ ውስጥ አሳልፋ ክንፍ ስታወጣ የምትኖረው ለአንድ ቀን ያህል፣ አንዳንዷም ለሰዓታት ብቻ ነው። ያን ጊዜ የምትበላበት አፍ እንኳ የላትም። ብዙዎቹ ዝርያዎቿ ኦክስጅን ሲቀንስ ቀድመው ከሚጠፉት ውስጥ ናቸው። ሌላዋ ከአፏ በምታወጣው ሐር አሸዋና ጠጠር እያያያዘች ቤት ሠርታ፣ ቤቷን ተሸክማ የምትዞር ናት፤ እሷም ቆሻሻን አትወድም። በሌላው ጫፍ ደግሞ እስራኤላውያን ያምሹሽ የሚሏት አለች፤ ስታድግ ትንኝ ትመስላለች እንጂ አትናከስም። ከዝርያዎቿ ያንዳንዶቹ ዕጭ ደም የመሰለ ቀይ ነው። ቅላቱ ከሄሞግሎቢን የመጣ ነው፤ እኛም በደማችን ውስጥ ኦክስጅን የምንሸከምበት ነገር ማለት ነው። በዚህ ምክንያት ሌላው በሚታፈንበት ጭቃ ውስጥ እሷ ትኖራለች። እሷን ማግኘት ብቻውን አያስደነግጥም፤ ዘመዶቿ በጠራ ምንጭም አሉ። የሚያስደነግጠው ሌሎቹ ሁሉ ጠፍተው እሷና ቀያይ ትሎች ብቻ ሲቀሩ ነው።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ጀርመናውያኑ ኮልክዊትስና ማርሶን ወንዝን በነዋሪዎቹ መመደብ የጀመሩት በ20ኛው መቶ ዘመን መባቻ ላይ ነው። (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እኛ እዚህ በምንጠቀምበት አቆጣጠር ናቸው።) እንግሊዞች በ1960ዎቹ ለትሬንት ወንዝ መለኪያ አበጁ፤ በ1970ዎቹ መጨረሻ ደግሞ ለእያንዳንዱ የእንስሳት ቤተሰብ ከ1 እስከ 10 ነጥብ የሚሰጥ ሰንጠረዥ አወጡ። ስስ የሆኑት 10 ያገኛሉ፤ የያምሹሽ ቤተሰብ 2፣ ትሎቹ 1። የተገኙትን ቤተሰቦች ነጥብ ደምሮ ለብዛታቸው ማካፈል ነው፤ አራተኛ ክፍል የደረሰ ልጅ ይሠራዋል።

መሣሪያውም እንዲሁ ቀላል ነው፤ የጎማ ቦቲ፣ ቀዳዳው ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል የሆነ መረብ፣ ነጭ ትሪ፣ አጉሊ መነጽር። መረቡን ከእግር በታች፣ ውሃው ወደሚሄድበት በኩል ይተክላሉ፤ ከፊቱ ያለውን ወለል ለጥቂት ደቂቃ በእግር ይቆሰቁሳሉ። የተነቀለው ሁሉ በወራጁ ተገፍቶ መረቡ ውስጥ ይገባል። ትሪው ላይ ገልብጦ ሲረጋ መመልከት ነው። መጀመሪያ ቆሻሻ ብቻ ይመስላል፤ ጥቂት ሲታገሡ ቆሻሻው መንቀሳቀስ ይጀምራል።

ይህን ረሖቮት ባለው ሰፈራችን፣ ቅርያት ሞሼ ውስጥ፣ ለአንዲት እናት ሳጫውታቸው በመገረም አዩኝና፣ «ልጄ፣ ይህን ሁሉ ዓመት የተማርከው ትል ለመቁጠር ነው?» አሉኝ።

«አዎ እማማ» አልኳቸው።

«ታዲያ ትል ያለበትን ውሃ ንጹሕ ልትለኝ ነው?»

እዚህ ላይ ነው ሰው ሁሉ የሚደናቀፈው። ጤነኛ ወንዝ ምንም የማይንቀሳቀስበት ወንዝ አይደለም። ዓይነተ ብዙ የሆነ ሕይወት የሚርመሰመስበት ነው። «ትል የሌለበትን ነው እማማ የሚፈሩት» አልኳቸው፤ አላመኑኝም። አልፈርድባቸውም። ሀገራችን እረኛ የነበረ ሁሉ አልቅትን ያውቃታል፤ ከብቱ ሲጠጣ ገብታ ጉሮሮው ላይ የምትጣበቀውን። እማማ ውሃ ውስጥ የሚኖርን ነገር የሚጠሉት በልምድ ነው። እንግሊዞቹም ለአልቅት ከ10 የሰጧት 3 ብቻ ነው፤ ምክንያታቸው ግን ሌላ ነው፤ ቆሻሻን ስለምትችል።

የእኛ ሕዝብ ከወንዝ ጋር የነበረውን ጉዳይ ለዚህ ዓምድ አንባቢ መተረክ አያስፈልገኝም። ቤተ እስራኤል መንደር ሲቆረቁር ወራጅ ውሃ አጠገብ ነበር። ሰንበት ከመግባቱ በፊት ወንዝ ወርዶ መታጠብ ነበር። ሴቲቱ በወር አበባዋ ጎጆ ቀኗን ስትጨርስ በወራጅ ውሃ ነጽታ ትመለስ ነበር፤ ከእምነቱ ውጭ የሆነን ሰው የነካም ሳይታጠብ ቤቱ አይገባም ነበር። ጎረቤቶቻችን በዚህ የተነሣ አትንኩኝ ይሉን ነበር። እዚህ ስንደርስ ደግሞ ረቢናቱ በአይሁድነታችን ላይ ላለው ጥርጣሬ ማስወገጃ ውሃ ውስጥ ግቡ አለን፤ በ1985 ወገኖቻችን ኢየሩሳሌም ዋናው ረቢናት ፊት ለፊት ወር ያህል ተቀምጠው ተቃወሙ። ያ ቁጣ ዛሬም ይገባኛል።

ይሁን እንጂ አባቶቻችን የወንዝ ሳይንቲስቶች ነበሩ የሚለውን ወሬ አልወደውም፤ አሁን አሁን በየመድረኩ ይዘወተራል። የንጽሕና ሕጋችን የሚጠይቀው ውሃው መውረዱን እንጂ ከድንጋዩ ሥር የሚኖረውን አይደለም። የወረስነው ከዚያ ያነሰ፣ ግን ከዚያ የማይናቅ ነገር ነው፤ ወንዝ ለእኛ መልክዓ ምድር ሳይሆን ጉዳይ ነበር። ልጆቻችን ግን ረሖቮት ተወልደው ሶሬቅን የሚያውቁት ከአውቶቡስ መስኮት ነው።

ሶሬቅ መጽሐፈ መሳፍንት ላይ የደሊላ ሸለቆ ሆኖ የተጠቀሰው ነው። ከይሁዳ ተራሮች ተነሥቶ በያቭኔ በኩል አልፎ ፓልማሂም ላይ ባሕር ይገባል። ለአሥርተ ዓመታት የምዕራብ ኢየሩሳሌም ፍሳሽ ሳይጣራ ይወርድበት ነበር፤ ትልቁ የማጣሪያ ጣቢያ ከተሠራ በኋላ የሚወርደው የተጣራው ነው። ያ ትልቅ ለውጥ ነው። የተጣራ ፍሳሽ ግን የምንጭ ውሃ አይደለም። ጥርት ሊል ይችላል፤ ውስጡ ግን ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ይቀራል፤ ከማሳ የሚታጠበው ማዳበሪያና ፀረ ተባይም ይጨመርበታል። እንደ ሶሬቅ ያለ የዝናብ ወንዝ በተፈጥሮው በበጋ አብዛኛው ክፍሉ የሚደርቅ ነበር፤ አሁን ዓመቱን ሙሉ ከከተማ ቱቦ የመጣ ውሃ ሲወርድበት ጤነኛ መልኩ የትኛው እንደሆነ መናገር እንኳ ያስቸግራል።

ይህ ጥያቄ ቀላል አይደለም። የተል አቪቭ ዩኒቨርሲቲው አቪታል ጋሲት ከአሜሪካዊው ቪንሰንት ሬሽ ጋር በ1999 ስለ ሜዲትራኒያን ጅረቶች ባሳተሙት ጽሑፍ እንዳሳዩት፣ የእነዚህ ወንዞች ነዋሪዎች በየዓመቱ ለሚመጣው ጎርፍና ለሚከተለው ድርቀት የተሠሩ ናቸው። ስለዚህ እንግሊዝ ሀገር ዝናብ ለማያጣው ወንዝ የወጣን ሰንጠረዥ እዚህ አምጥቶ ቢለጥፉት፣ ጥሩ የሆነውን ጅረት በሴፕቴምበር ታሟል ይላል። ኢትዮጵያም እንዲሁ ነው። አውሮፓ ውስጥ ከፍተኛውን ነጥብ የሚያገኙ አንዳንድ ነፍሳት በትሮፒካል አፍሪካ ዝርያቸው እጅግ ጥቂት ነው፤ እነሱ ስለሌሉ ወንዙ ተበክሏል ማለት አይቻልም።

ኢትዮጵያ ውስጥ ይህን ሥራ የሠሩ ሰዎች አሉ፤ እዚህ ያለነው ብዙም አንሰማም። ሐሪሰንና ሃይንስ የተባሉት የውሃ ባዮሎጂስቶች በ1988 የኢትዮጵያን ተራራማ ጅረቶች የወለል እንስሳት የሚዘረዝር ጥናት አሳተሙ፤ በዓመቱ ተስፋዬ በርሄ ከሁለቱ ጋር ሆኖ አዲስ አበባን አቋርጦ የሚወርድ ጅረት እንዴት እንደተጎዳ ጻፈ። በ2015 ደግሞ አስቻለው ላቀው ከኦስትሪያዊው ኦቶ ሞግ ጋር ለኢትዮጵያ ደጋማ ወንዞች የሚስማማ የራሳቸውን የነጥብ ሰንጠረዥ አወጡ፤ ከአውሮፓ የተቀዳ ሳይሆን እዚያው ባሉት እንስሳት ላይ የቆመ። ይህ ለእኔ ከአንድ ውድ የላቦራቶሪ ማሽን ይበልጣል። ማሽን ይበላሻል፣ መለዋወጫ ያጣል፤ ሰንጠረዡን ግን ጅማም ጎንደርም ያለ ተማሪ መረብ ይዞ ይሠራበታል።

መገጭስ? የክረምቱ ቡናማነት ብቻውን በሽታ አይደለም፤ ጎርፉ ሲያልፍ ውሃው ይጠራል፣ ከጥቃቅኖቹም ብዙዎቹ ያንን ወቅት የሚያልፉበት ብልሃት አላቸው። ጉዳቱ ከታረሰው ተራራ ታጥቦ የሚወርደው አፈር ሲበዛ ነው፤ በድንጋዮች መካከል ያለው ክፍተት ይደፈንና ማደሪያ ያጣሉ። ጎንደር ከተማ ውስጥ የሚያልፉት አንገረብና ቀሃም የከተማውን ቆሻሻ ይዘው ወደ መገጭ ይወርዳሉ፤ እሱም ወደ ጣና። እንግዲህ መገጭንም ነጻ አላወጣሁትም። ከከተማው በላይ አንድ ቦታ፣ ከከተማው በታች ሌላ ቦታ ድንጋይ ሳይገለበጥ ፍርድ አልሰጥም።

የወንዝ ሕመም ሰው እንደሚገድል እስራኤል የተማረችው በክፉ ቀን ነው። ጁላይ 14 ቀን 1997 የዓለም አይሁዶች ስፖርት ውድድር በሆነው የማካቢያ ጨዋታ መክፈቻ ላይ የአውስትራሊያ ቡድን ይሻገርበት የነበረው ድልድይ ያርቆን ወንዝ ላይ ተሰበረ። አራት ሰዎች ሞቱ፤ ከአራቱ ሦስቱን የገደላቸው ውድቀቱ ሳይሆን የተበከለው ውሃ ነው። ከዚያ በፊት ያርቆን ቆሻሻ መሆኑን የማያውቅ አልነበረም። ምንጩ በ1950ዎቹ በቱቦ ወደ ኔጌቭ ተወስዷል፤ ከወገቡ በታች የቀረው ባብዛኛው ፍሳሽ ነበር። ማወቅ ሌላ፣ መቁጠር ሌላ፤ ከቁጥሩ በኋላ የሚጮህ ሰው ማግኘት ደግሞ ሌላ።

እነዚህን ጥቃቅን ፍጥረታት ማወቅ ምን ይረባል ብሎ ለሚጠራጠር ሰው አንድ ነገር ልጨምር። በ2001 ሜይር ብሮዛና ማልካ ሃልፐርን የተባሉ እስራኤላውያን ተመራማሪዎች የያምሹሽ የእንቁላል ክምችት የኮሌራ ባክቴሪያ ማደሪያ እንደሚሆን ኔቸር መጽሔት ላይ አሳተሙ። ያችን የማትናከስ ትንኝ መሳይ ማለት ነው። ኮሌራ በተደጋጋሚ ለሚነሣባት ሀገራችን ኢትዮጵያ ይህ የእንግዳ ወሬ አይደለም።

እንግዲህ ሐሳቤ ይህ ነው። ረሖቮት ውስጥ የዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ የግብርና ፋኩልቲ አለ፤ የአፈርና የውሃ ሳይንስ የሚማሩ ልጆች ሞልተውበታል። ከቅርያት ሞሼ የሚለያቸው የአውቶቡስ ጉዞ ነው። የሰፈራችን ማትናስ (የማኅበረሰብ ማዕከሉ) ለወጣቶቹ መረቡንና ትሪውን ይግዛ፤ ፋኩልቲው ዕጮቹን መለየት የሚያስተምር ተማሪ ይላክ። ጊዜው የክረምቱ ዝናብ ካቆመ በኋላ፣ ፔሳሕ ሰሞን ቢሆን ይሻላል፤ ሁለተኛው ቆጠራ በበጋው መጨረሻ። ዝናብ በጣለ ማግሥት ማንም አይውረድ፤ ቱቦ የሚያጥለቀልቀው ያን ጊዜ ነው። ጓንት ይደረግ፤ ፊት ከመንካት በፊት እጅ ይታጠብ። ሽማግሌዎቹም አብረው ይሂዱ። ዳር ቁጭ ብለው ልጆቹን ሲያርሙ፣ ልጆቹም የነጥቡን ሰንጠረዥ ሲያስረዷቸው አንድ ቀን ያልፋል፤ እማማንም እጠራቸዋለሁ።

የመጀመሪያው ዝርዝር አጭር እንደሚሆን ከወዲሁ እገምታለሁ፤ ያምሹሽ፣ ትል፣ ቀንድ አውጣ፣ ምናልባት አልቅት። ቀኑ፣ ቦታው፣ ነጥቡ ተጽፎ ማትናሱ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። የበጋው ዝርዝር ከዚያ ካጠረ ሁለቱን ወረቀት አያይዘን፣ በዕብራይስጥና በአማርኛ፣ ለዒሪያው፣ ለከተማው አስተዳደር፣ ደብዳቤ እንጽፋለን።