ጫፉ ስለገባ ብቻ «ልክ ነው» አንበል



በማኅበራችን የንባብ ክፍል ያለውን የዓሣ መስታወት የማያውቅ ልጅ በሠፈሩ የለም። ባለፈው ሰሞን ግን አራት ዓሣዎች በአንድ ሌሊት ሞተው ተገኙ። ልጆቹ «ምን ሆነው ነው?» ብለው ሲጠይቁን አፈርን። ምክንያቱም የገደላቸው የኛው ችኮላ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ውሃውን የሚያንቀሳቅሰው ፓምፕ አዳፕተሩ ተቃጠለ። ከመካከላችን አንዱ ከቤቱ መሳቢያ የድሮ ፕሪንተር አዳፕተር አምጥቶ ሰካው። ጫፉ ልክክ አለ፤ ፓምፑም ዞረ። «ይኸው ሠራ!» ብለን ክፍሉን ቆልፈን ሄድን። ፓምፑ የሚፈልገው 12 ቮልት ነበር፤ የሰካንበት ግን የ24 ነው። ሌሊቱን ግሎ ተቃጠለ፤ ውሃው ቆመ፤ ዓሣዎቹም አየር አጠራቸው። የቸኮለች አፍሳ ትለቅማለች ማለት ይኸው ነው።

አንዳንዶች «ፓምፑ ርካሽ ዕቃ ስለሆነ ነው» ይላሉ። እኛ በዚህ አንስማማም። ጥፋቱ ያለው ከልማዳችን ላይ ነው። የአንዱን ዕቃ አዳፕተር ለሌላው መስካት በየቤታችን የሚታይ ነገር ሆኗል። በእኛ እምነት መታየት ያለበት ከጫፉ በፊት ጽሑፉ ነው።

በአዳፕተሩ ጀርባ «ኢንፑት» እና «አውትፑት» የሚሉ ሁለት መስመሮች አሉ። ኢንፑት ከግድግዳው የሚቀበለው ነው። የአገራችን መብራት 220 ቮልት፣ 50 ሄርዝ ስለሆነ «100–240» የሚል ከሆነ ችግር የለም። ዘመድ ከአሜሪካ የላከው «120» ብቻ የሚል ከሆነ ግን አይሰካ። የስፒና መቀየሪያውም አያድነውም፤ ቅርፁን ይለውጣል እንጂ ቮልቱን አይቀንስም።

አውትፑት ደግሞ ለፓምፑ የሚሰጠው ነው። ቮልቱ በፓምፑ ገላ ላይ ከተጻፈው ጋር እኩል መሆን አለበት። ከበለጠ ያቃጥላል፤ ካነሰ ፓምፑ ይዝላል ወይም ጨርሶ አይነሣም። አምፔሩ ግን እኩል ወይም ከዚያ በላይ ይሁን። እዚህ ላይ ብዙ ሰው «አምፔሩ ከበዛ ያቃጥላል» ይላል። አያቃጥልም፤ ፓምፑ የሚወስደው የሚበቃውን ያህል ብቻ ነው። 1 አምፔር ለሚፈልግ ፓምፕ የ2 አምፔር ይስማማዋል። የ500 ሚሊ አምፔሩ ግን ግማሽ ስለሆነ ከአቅሙ በላይ ተጭኖበት አዳፕተሩ ራሱ ይግላል።

ከቮልቱ አጠገብ ያለው ምልክትም ይታይ። ቀጥ ካለው መስመር ሥር የተቆራረጠ መስመር ካለ ዲሲ ነው፤ እንደ ማዕበል የተጠማዘዘ ከሆነ ኤሲ ነው። አንዱ የሌላው ምትክ አይሆንም። ዲሲ ከሆነ ደግሞ በትንሿ የክብ ሥዕል ላይ የመደመር ምልክቱ በመሐል ይሁን በውጭ ከአሮጌው ጋር ይመሳከር። ጫፉ የሚለካው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ውጫቸው አንድ ዓይነት 5.5 ሚሊ ሜትር ሆኖ የመሐል ቀዳዳቸው 2.1 ወይም 2.5 የሆኑ አሉ፤ በዓይን አይለዩም።

«ታዲያ ይህን ደቃቅ ጽሑፍ ማን ያነበዋል?» የሚሉን እናትና አባቶች እውነት አላቸው። ግን በየቤቱ የልጅ ዓይን አለ፤ ያንብብላቸው።

ስለዚህ የሚከተለውን እናሳስባለን፦

የተቃጠለውን አዳፕተር ሳንጥል ይዘን ወደ ሱቅ እንሂድ። ባለሱቆቻችንም «እስቲ ጫፉን ሞክረው» ከማለት ይልቅ «ስንት ቮልት ነው?» ብለው ይጠይቁን። በየመሳቢያው ባለው አዳፕተር ላይ የዕቃውን ስም በፕላስተር እንለጥፍ። የዓሣ መስታወት ያላችሁ አዳፕተሩን ውሃ ከማይደርስበት ከፍታ አስቀምጡ፤ ጠብታ ገመዱን ተከትሎ እንዳይገባም ገመዱ ከሶኬቱ ዝቅ ብሎ ይታጠፍ። ትክክለኛው እስኪገኝ ውሃውን በኩባያ እየቀዱ ከላይ መልሶ ማፍሰስ ዓሣዎቹን ያቆያል፤ ያልሆነ አዳፕተር ከመሰካት ይህ ይሻላል።

አሁን ሌላ ፓምፕ ከነአዳፕተሩ ተገዝቷል። ልጆቹም በትልቁ «የዓሣ — 12 ቮልት» ብለው ጽፈው ለጥፈውበታል። እኛ ትልልቆቹም ከነሱ እንማር።

የማስታወቂያ ሰሌዳው ዝግጅት ክፍል