አስተያየት፦ ስፓም ማጥፋትም የዋጋ ሥራ ነው

የዛሬው የሐይቅ፣ የደሴና የኮምቦልቻ ዋጋ ጠዋት ወጥቷል፤ ወደ ላይ ከፍ ብትሉ ታገኙታላችሁ። ይሄኛው የኔ አስተያየት ነው። ረዘም ይላል፤ ግን የሁላችንንም ኪስ ስለሚነካ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

ባለፈው የማሾ ወቅት አንድ ማታ ከዚህ ቻናል ጋር የተያያዘውን የውይይት ግሩፕ ሳጸዳ አመሸሁ። የዚያን ቀን የገባው ጉድ አይወራም። «ቤትዎ ተቀምጠው በቀን 5,000 ብር»፣ «ዩኤስዲቲ እንገዛለን እንሸጣለን»፣ «የካናዳ ቪዛ ያለ ቃለ መጠይቅ»፣ «የዛሬ የተረጋገጠ ውርርድ»፣ «ይህን ሊንክ ነክተው ነፃ ኢንተርኔት ይውሰዱ»። በመሀል በመሀል አንድ ሁለት እውነተኛ የማሾና የሽምብራ ዋጋ አለ፤ እሱን ለማግኘት ግን አውራ ጣትህ እስኪደክም መግፋት ነው። እንቅልፍ እያዳፋኝ የሚሰረዘውን ሰረዝኩ፣ የላኩትንም አባረርኩ።

በሦስተኛው ቀን ስልክ ተደወለልኝ። ከሐይቅ ከተማ ወጣ ብሎ ካለ ቀበሌ አንድ አባት ናቸው።

«ልጄ፣ ምን በድዬህ ነው ያባረርከኝ?»

«እኔ? መቼ አባባ?»

ለካ ስልኩን የምትይዝላቸው ልጃቸው ናት። «18 ኩንታል ማሾ አለን፣ ንጹህ ነው፣ የሚፈልግ ይደውል» ብላ ጽፋ፣ ቁጥር አስከትላ፣ በዚያ ሁሉ ጫጫታ እንዳይዋጥባት ሦስት ጊዜ ለጥፋዋለች። ገና የገባ አካውንት፣ ፎቶ የለው፣ ስም የለው፣ አንድ ጽሑፍ ሦስት ጊዜ። ለኔ ዓይን ቁልጭ ያለ ስፓም ነበር። የተሰረዘውን ፈልጌ ላየው ብዬ ገባሁ፤ ቴሌግራም አድሚኖች የሰረዙትን መዝግቦ የሚያቆየው ለ48 ሰዓት ብቻ ነው። አልፎበታል።

ማሾውስ? ተሸጧል። ቤት ድረስ የመጣ ደላላ «የግሩፑን ወሬ ተዉት፣ ሁሉም ውሸት ነው፤ ዋጋውን እኔ እነግርዎታለሁ» ብሎ፣ የዚያን ቀን እዚሁ ቻናል ላይ ከወጣው ዋጋ በኩንታል 400 ብር ዝቅ አድርጎ ወስዶታል። 18 ሲባዛ በ400፣ 7,200 ብር። ይቅርታ ስጠይቃቸው «አብሽር፣ ያለፈ አለፈ» አሉኝ። እሳቸው አብሽር ቢሉም እኔ ግን እስካሁን አልበሸርኩም።

ይህን የማወራው ለንስሐ አይደለም። ያ ደላላ የተናገረው ዓረፍተ ነገር ስላላስተኛኝ ነው። «የግሩፑን ወሬ ተዉት።» ይህን ለማለት ምን አስቻለው? ግሩፑ በቆሻሻ ስለተሞላ። እኔ ስፓምን የአድሚን ራስ ምታት ብቻ አድርጌ አየው ነበር። አሁን የሚታየኝ በገዢና በሻጭ መካከል ያለውን የዋጋ ልዩነት የሚያሰፋ ነገር ሆኖ ነው። ጫጫታ በበዛ ቁጥር የሚጠቀመው የግል ስልክ መስመር ያለው ነው፤ የሚጎዳው ዋጋ የሚሰማበት ሌላ በር የሌለው ነው።

የዋጋ ወሬ ብር እንደሆነ ለናንተ አልነግራችሁም፤ ግን አንድ ጥናት ላስታውሳችሁ። ሮበርት ጄንሰን የተባለ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪ በደቡብ ሕንድ ኬረላ ከ1997 እስከ 2001 እ.ኤ.አ. ሞባይል ወደ ባሕር ዳርቻው ሲገባ በዓሣ አጥማጆች ላይ የሆነውን ተከታትሎ ነበር። አጥማጆቹ ገና ጀልባ ላይ ሆነው የትኛው ገበያ ዋጋ እንዳለው መጠየቅ ሲጀምሩ ትርፋቸው በ8 በመቶ ገደማ ጨመረ፣ የሸማቹ ዋጋ ደግሞ በ4 በመቶ ገደማ ቀነሰ። ገዢ አጥቶ ይጣል የነበረ ዓሣም ቀረ። እዚህ ሐይቃችን ላይ ቆሮሶ የሚያጠምድ ሰው ይህን ለመረዳት ጥናት አያስፈልገውም። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ግብይት ሲጀምርም ከትልልቅ ሐሳቦቹ አንዱ ይኸው ነበር፦ ዋጋ በሰሌዳና በ934 የስልክ መስመር ለገበሬውም ለነጋዴውም እኩል ይሰማ። እንግዲህ ስልክ እንዲህ የሚያደርገው ከስልኩ የሚወጣው ድምፅ ሲለይ ነው። ያ አጥማጅ በደወለ ቁጥር ከመቶ ሰው ዘጠናው ስለ ቪዛ ቢያወራው ኖሮ ስልኩን ባሕር ውስጥ ይወረውረው ነበር።

ለመሆኑ ይህ ሁሉ ለምን ይላካል? የሚያምነው አለ ወይ? መልሱ ወጪው ላይ ነው። የመጀመሪያው የጅምላ የንግድ ኢሜይል የተላከው በ1978 እ.ኤ.አ. ነው፤ አንድ የኮምፒዩተር ኩባንያ ሻጭ ወደ 400 ለሚጠጉ ሰዎች በአንዴ ላከው። ሰዉ ተቆጣ፤ መንገዱ ግን ተከፈተ። በ2008 እ.ኤ.አ. ደግሞ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አንድን የስፓም መረብ ከውስጥ ሆነው ተከታተሉ። ወደ 350 ሚሊዮን የሚጠጋ ኢሜይል ተልኮ የተገኘው ሽያጭ 28 ነበር። ሃያ ስምንት! እኛ ብንሆን በዚህ ሽያጭ ከስረን ሱቅ እንዘጋለን። ላኪው ግን አልከሰረም፤ ምክንያቱም ለመላክ የሚያወጣው ወጪ ከምንም አይቆጠርም።

እስቲ ከኛ ገበያ ጋር አስተያዩት። አንድ ኩንታል ይዞ ገበያ የሚመጣ ሰው የመኪና ይከፍላል፣ ለተሸካሚ ይከፍላል። ከብት እንኳ ገበያ ሲገባ ኮቴ ይከፈልበታል። ስፓም ብቻ ነው ኮቴ ሳይከፍል ገብቶ መሀል ገበያ የሚተኛው። ስለዚህ መፍትሔውም እዚያው ነው፦ ኮቴ ማስከፈል። በብር አልልም፤ በስም፣ በቦታና በትንሽ ትዕግሥት።

ሦስት ዓይነት ቆሻሻ አለ፤ አንድ ላይ ባናያቸው ጥሩ ነው።

የመጀመሪያው ተራ ማስታወቂያው ነው። ያናድዳል፣ የሰው ዳታ ይበላል፤ ግን ዓይን ቶሎ ይለየዋል።

ሁለተኛው አደገኛው ነው። የታወቀ ነጋዴ ፎቶና ስም ገልብጦ፣ ከአድራሻው ላይ አንዲት ፊደል ብቻ ቀይሮ፣ «ከገበያ በላይ እገዛለሁ» ወይም «በርካሽ እሸጣለሁ፣ ቀብድ ላክ» የሚለው ነው። የሐሰት የክፍያ ስክሪንሾት ልኮ «ብሩ ገብቷል፣ መኪናውን ልቀቀው» የሚለውም ከዚሁ ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ መድኃኒቱ አጭር ነው፦ ስክሪንሾት ገንዘብ አይደለም። ሒሳብህን ራስህ ከፍተህ ሳታይ ጭነት አይወጣም። ሰውየውን ድምፁን ሳትሰማ ቀብድ አይላክም።

ሦስተኛውን ለመናገር ይከብደኛል፤ ከኛው ከራሳችን ነውና። አንድ ማስታወቂያ በቀን ስድስት ጊዜ የሚለጥፍ ላኪ አለን። «ሰበር ሰበር» እያለ ምንጩን የማያውቀውን ወሬ ፎርዋርድ የሚያደርግ አለን። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግና ዶላር በአንድ ቀን ከ57 ብር ወደ 75 ብር ገደማ ሲዘል፣ በየግሩፑ የተላለፈውን ታስታውሳላችሁ። ሰው ባልተረጋገጠ ቁጥር እህሉን ያዘ፣ ሌላው በድንጋጤ ሸጠ። የዛሬ ሳምንቱን ዋጋ ቀን ሳይጽፍ የሚለጥፍ ሰው ሐሰተኛ ላይሆን ይችላል፤ ለሚያነበው ገበሬ ግን ውጤቱ ያው ነው።

«መንግሥት ምን ይሠራል?» የሚል ይኖራል። ሕግ አለ። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ዕቃ ወይም አገልግሎት ለማስተዋወቅ ወይም ለመሸጥ ብሎ ያለ ተቀባዩ ፈቃድ ኢሜይል የሚያሰራጭን ሰው እስከ 3 ዓመት ቀላል እስራትና እስከ 30,000 ብር መቀጮ ያስቀጣል። ግን አያችሁ፣ የሚያወራው ስለ ኢሜይል ነው። ከመካከላችን ማሾ በኢሜይል የሸጠ አለ? የኛ ገበያ ያለው ቴሌግራም ላይ ነው። ቢሆንም ከዚያ አዋጅ አንድ ጥሩ ነገር እንውሰድ፦ የላኪው ትክክለኛ ማንነትና አድራሻ ካለበት፣ ተቀባዩም «ይቅርብኝ» የሚልበት ቀላል መንገድ ካለው፣ መልእክቱ ወንጀል አይሆንም። ይህ ለግሩፕም የሚሆን መመዘኛ ነው።

አንዳንድ ወዳጆቼ «ዝጋው ግሩፑን፣ የምናውቃቸው ሰዎች ብቻ ይጻፉ» ይሉኛል። ስፓሙ በአንድ ቀን ይጠፋል፤ አልክድም። ግን የምናውቃቸው እነማን ናቸው? ላኪው፣ ዩኒየኑ፣ ትልቁ ነጋዴ። ያ 18 ኩንታል ማሾ ያላቸው አባት ከውጭ ይቀራሉ፤ ደላላውም እንደገና ቤታቸው ይመጣል። ይህ ስፓሙን አጥፍቶ የስፓሙን ጉዳት ማስቀረት አይደለም። «ዝም ብሎ ማለፍ ነው» የሚሉም አሉ። እኔና አንተ እናልፈዋለን፤ በልጁ ዓይን የሚያነብ ሰው ግን የቱን አልፎ የቱን ይያዝ?

እኛ የሐይቅ ሰዎች ለዚህ ከደጃችን ምሳሌ አናጣም። አቡነ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ያጸኑት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አበምኔት በቤተ መንግሥት «ዓቃቤ ሰዓት» የሚባል ትልቅ ማዕረግ ነበራቸው። ትርጉሙ ሰዓት ጠባቂ ማለት ነው፤ የንጉሡን ጊዜ የሚጠብቁ፣ ማን መቼ እንደሚገባ የሚያውቁ ሰው። ዓቃቤ ሰዓት በሩን ዘግተው ቁልፉን ይዘው አይሄዱም። ሥራቸው ማስገባት ነው፤ በተራ፣ በሰዓት፣ ማንነትን አውቆ። በየገዳሙ የርስትና የስጦታ ውል በወንጌል ገጽ ላይ ሲጻፍም የሰጪው ስም፣ የምስክሮቹ ስም አብሮ ይሰፍር ነበር። ስም የሌለው ቃል አይጻፍም ነበር። እኛ ከዚያ ሁሉ ዘመን በኋላ ስም የሌለው ዋጋ እያነበብን ጭነት እናነቃንቃለን።

ስለዚህ ከመጪው ሰኞ ጀምሮ በግሩፓችን የሚሆነው እንዲህ ነው፦

1. ማንበብ ለሁሉም ክፍት ነው። ለመጻፍ ግን አዲስ ገቢ አንድ ጊዜ ብቻ ራሱን ያስተዋውቃል፦ ስም፣ ወረዳ ወይም ከተማ፣ ሥራ (ገበሬ፣ ማኅበር፣ አቅራቢ፣ ላኪ)። መጻፍ ለማይመቸው በድምፅ ይበቃል።

2. የመጀመሪያውን ጽሑፍ አንድ አድሚን አይቶ ያሳልፈዋል። የጠረጠርነውን ከመሰረዛችን በፊት እንደውላለን። አንድ ደቂቃ ስልክ ከ7,200 ብር ይረክሳል።

3. ዋጋ የሚጽፍ አምስት ነገር ይጽፋል፦ ምርቱ፣ ደረጃው ወይም ጥራቱ፣ መጠኑ፣ ቦታው፣ ቀኑ። ከአምስቱ አንዱ የጎደለ ዋጋ አይወጣም።

4. ሊንክና ፎርዋርድ ለጊዜው ተዘግቷል። አንድ ማስታወቂያ በቀን አንድ ጊዜ ብቻ፤ ይህ ለትልቁም ለትንሹም ነው።

5. ቴሌግራም ብዙ አባላት ላላቸው ግሩፖች የሰጠውን ራሱ የሚሰርዝ ማጣሪያ እንከፍታለን፤ ግን በየቀኑ ጠዋትና ማታ የሰረዘውን አንድ ሰው ያያል። በስሕተት የተሰረዘ 48 ሰዓት ሳይሞላው ይመለሳል።

ማጣሪያው ብቻውን ይበቃል የሚል አለ፤ አይበቃም። ማጣሪያ የስፓምን መልክ ያውቃል፣ የገበሬን ችግር አያውቅም። እኔ ሰው ሆኜ እንኳ ተሳስቻለሁ።

ዩኒየኖችን አንድ ነገር ልለምን። ከየመሠረታዊ ማኅበሩ አንድ አንድ ወጣት መድቡልን። ሥራው ቀላል ነው፦ ስልክ ለሌላቸው ወይም መጻፍ ለማይመቻቸው አባላት አምስቱን ነገር ሞልቶ መለጠፍ፣ የተጠረጠረ ጽሑፍ ሲመጣ «ይህን ሰው እናውቀዋለን» ወይም «አናውቀውም» ማለት። ላኪዎችም፣ ንጹህ ግሩፕ ማለት ናሙና ለማየት ኮምቦልቻ ድረስ በከንቱ አለመመላለስ ማለት ነው፤ ከመኪና ነዳጅ አንጻር ካያችሁት የአንድ ሰው አበል ብትሸፍኑ አትከስሩም።

እኚያን አባት ትናንት ደወልኩላቸው። በአዲሱ መዝገብ የመጀመሪያው ስም የልጃቸው ነው። «ለዘንድሮው ይደርሳል?» አሉኝ። ይደርሳል ብያቸዋለሁ፤ እንዳላፍር እርዱኝ።

ሐሳባችሁን ከታች ጻፉ። ስምና ቦታ እንዳትረሱ።