ለላንጋኖ ፊን የሚገዛ ሰው መጀመሪያ ዋና ይማር

በዓል ሲቃረብ የቴሌግራም ገበያዎች ይሞቃሉ። «ለላንጋኖ፣ ለሶደሬ፣ ለቢሾፍቱ የሚሆን ሙሉ ሴት! መነጽር፣ መተንፈሻ ቱቦ፣ ፊን!» ከጽሑፉ ጋር የሚለጠፈው ፎቶ ላይ ውሃው እንደ መስታወት የጠራ ነው፤ ባለ ቀለም ዓሣ በኮራል መሃል ይመላለሳል። ፎቶው የተነሳው በሌላ ዓለም ባህር ነው። ገዢው ግን ጓዙን ጭኖ የሚወርደው ወደ ስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ነው።

ፊን ማለት እንደ ዳክዬ እግር ሰፋ ብሎ እግር ላይ የሚጠለቅ የመዋኛ ጎማ ነው። ዕቃው ራሱ ክፉ አይደለም። ክፉው ቅደም ተከተሉ ነው። ዋና የማያውቅ ሰው ፊን ይገዛል፤ ምን ዓይነት ውሃ ውስጥ እንደሚገባ ሳይጠይቅ ቁጥሩንና ቀለሙን ያማርጣል፤ ላይፍ ጃኬት ግን «ለሕፃን ነው» ብሎ ይንቃል። የዚህ ዓይነት ምርጫ ሰው ይገድላል።

መጀመሪያ ውሃው ይታይ። ላንጋኖ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ይገኛል። ከቢልሃርዝያ ነጻ ነው እየተባለ ስለሚነገርለት የሚዋኝ ሁሉ ይመርጠዋል። ውሃው ግን ወተት የገባበት ሻይ ይመስላል። ቀለሙ የቆሻሻ አይደለም፤ ሳይዘቅጥ ውሃው ውስጥ ተንሳፎ የሚኖር ደቃቅ አፈር ነው። እዚያ ውስጥ መነጽር አድርጎ የጠለቀ ሰው ክንዱን ቢዘረጋ የገዛ መዳፉን አያይም። ዓሣ ለማየት የተሠራ ዕቃ እዚህ ምን ሊያሳይ ነው? ሐይቁ ደግሞ በአንዳንድ ቦታ ከ40 ሜትር በላይ ጥልቀት አለው። ጠዋት ፀጥ ያለው ውሃ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ ሞገድ ያነሳል።

ባቱ ላይ ያለው የዝዋይ ሐይቅ ጥልቀቱ ያን ያህል አይደለም፤ ነገር ግን ጉማሬ አለበት፤ በዙሪያው ቢልሃርዝያ እንዳለም ከታወቀ ቆይቷል። የቢልሃርዝያ ተባይ በቆዳ በኩል ይገባል፤ መነጽርም ፊንም አያስቆሙትም። ለአዳማ ቅርብ የሆነው ቆቃም ጉማሬና አዞ የሚኖርበት የግድብ ውሃ ነው። የቢሾፍቱ ሐይቆች እሳተ ገሞራ የቦረቦራቸው ጉድጓዶች ናቸው፤ ዳርቻቸው በብዙ ቦታ እንደ ገደል ቁልቁል ይወርዳል። ጉልበት ድረስ የነበረ ውሃ ጥቂት እርምጃ ሳይቆይ መሬት ያሳጣል። እንግዲህ ከአዳማ ተነስቶ በአንድ ቀን ደርሶ ከሚመለስባቸው ከእነዚህ ውሃዎች የትኛው ነው በሻጩ ፎቶ ላይ የሚታየው? አንዱም አይደለም።

«ቢሆንም ፊን ይረዳል እንጂ ምን ይጎዳል?» የሚል አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም ከዕቃው አሠራር ይገኛል። ፊን የእግርን ግፊት ያበዛል። ለዋናተኛ ይህ ጉልበት መቆጠብ ነው። ላልተማረ ሰው ግን በራሱ አቅም ከማይደርስበት ጥልቀት በደቂቃ ውስጥ ማድረስ ነው። የወሰደውን ያህል ለመመለሱ ዋስትና የለም። አንደኛው ፊን ጭቃ ውስጥ ተይዞ ቢወልቅ፣ ወይም ባቱን ቁርጥማት ቢይዘው፣ ያን ርቀት በባዶ እግሩ የሚመለስበት ችሎታ የለውም። ደንግጦ ለመቆም ሲሞክርም ረጅሙ ጎማ እግሩን ከሥሩ እንዳይሰበስብ ያደናቅፈዋል። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው እንዲህ ሲሆን ነው።

ይህ ሟርት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚያሳየው እ.ኤ.አ. በ2021 ብቻ በዓለም ላይ 300,000 ያህል ሰው ሰጥሞ ሞቷል፤ ከአሥሩ ዘጠኙ የሚሞቱት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። በእነዚህ አገሮች የሚጎድለው ፊን አይደለም። የዋና ትምህርት፣ ላይፍ ጃኬትና ዳር ቆሞ የሚጠብቅ ሰው ነው።

ኢትዮጵያ የዋና ነገር ሲነሳ መሳቅ ትወዳለች። እ.ኤ.አ. በ2016 በሪዮ ኦሎምፒክ ሮቤል ኪሮስ 100 ሜትር ነጻ ቀዘፋን በ1 ደቂቃ ከ4.95 ሰከንድ ጨርሶ ከማጣሪያው ተወዳዳሪዎች ሁሉ የመጨረሻ ሲሆን ያልሳቀ አልነበረም። ስለ ሰውነቱ ተቀለደ፤ እንዴት ተመረጠ ተብሎ ተጮኸ። የምርጫው ጥያቄ ተገቢ ነበር። ነገር ግን ከሳቁት መካከል ያንኑ 100 ሜትር ሳያርፍ መዋኘት የሚችለው ስንቱ ነው? ቀልዱ ሲያልቅስ ለልጆች የዋና ትምህርት ይሰጥ ብሎ የጮኸ ማን ነው?

ዛሬም እንዲሁ ነው። ስለ ቀይ ባህርና ስለ ባህር በር ሌሊቱን ሙሉ የሚከራከር ትውልድ አለ። ክርክሩ የራሱ ቦታ አለው። ግን አገሩ ባህር ይገባታል ብሎ የሚከራከር ሰው ልጁ ሐይቅ ውስጥ ቢወድቅ አውጥቶ የማያድን ከሆነ፣ ውሃን የሚያውቀው በካርታ ላይ ብቻ ነው።

«ሰው ለአንድ ቀን ሊዝናና ሄዶ ይህን ሁሉ ማሰብ አለበት?» የሚሉም አሉ። አዎ፣ አለበት። በየቀኑ ውሃ ውስጥ የሚውል ዓሣ አጥማጅ ሐይቁን ያውቀዋል፤ ነፋሱን ያነባል። በዓመት አንዴ የሚመጣው እንግዳ ግን ይህ እውቀት የለውም። ብዙ ጊዜም ከምሳና ከቢራ በኋላ ነው የሚገባው። አልፎ አልፎ መዋኘት ጥንቃቄን የሚቀንስ ሰበብ አይደለም፤ እንዲያውም የሚጨምር ምክንያት ነው።

ታዲያ ፊን ፈጽሞ አይገዛ ማለት ነው? አይደለም። የጠራ ባህር የሚያይ ሰው ይግዛ። ከአዳማ ለሚነሳ ሰው ይህ ያን ያህል ሩቅ አይደለም፤ የኢትዮ ጅቡቲ የባቡር መስመር በከተማው በኩል ያልፋል። ከጅቡቲ ከተማ በጀልባ የሚደረስበት ሙሻ ደሴት ዙሪያውን ኮራል አለው። ሥራው ሞምባሳ፣ ዛንዚባር ወይም ሻርም ኤል ሼክ የሚያደርሰውም ብዙ ነው። እዚያ ፊን ቦታውን ያገኛል።

ምርጫውም ቀላል ነው። በዓመት አንድ ጊዜ ለሚጠቀም ሰው ተረከዙ የተዘጋ፣ በባዶ እግር የሚጠለቅ፣ አጭርና ለስላሳ ፊን ይበቃዋል። ተረከዙ ክፍት ሆኖ በማሰሪያ የሚጠብቀው በአብዛኛው ከውስጥ ቦቲ ጋር ለሚጠልቅ ጠላቂ የተሠራ ነው። ረጅምና ደረቅ ፊን ያልለመደን ባት ያዝላል፤ ሻንጣ ውስጥም አይገባም። ጠባብ ከሆነ ቁርጥማት ያመጣል፤ ሰፊ ከሆነ ይልጣል ወይም ይወልቃል። ስለዚህ በፎቶ አይታዘዝም፤ እግር ላይ ተለክቶ ይገዛል። ምቱ ከጉልበት ሳይሆን ከዳሌ መነሳት አለበት። ወደ ውሃው ሲገባም ወደ ኋላ እየተራመዱ ነው። ገንዘቡ ለሁለቱም ካልበቃ ፊት ላይ በደንብ የሚገጥም መነጽር ይቅደም፤ ፊን ብዙ የባህር ዳር ከተማ ላይ በኪራይ ይገኛል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ዋና። አዳማ በዚህ ምክንያት ልታቀርብ አትችልም፤ ሶደሬ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ መዋኛ ገንዳ አለው። ወላጅ ለልጁ የሚገዛውን «ሙሉ ሴት» ትቶ በዚያው ገንዘብ ትምህርት ያስጀምረው። በጀርባው መንሳፈፍና ትንፋሹን መቆጣጠር የቻለ ልጅ ያለ ፊን ይተርፋል። ይህን ያልቻለውን ፊን አያተርፈውም።

ኃላፊነቱ የገዢው ብቻም አይደለም። ለአንድ ሌሊት ክፍል ብዙ ሺህ ብር የሚያስከፍል የሐይቅ ዳር ሎጅ ጥልቀቱን የሚያሳይ ገመድና ተንሳፋፊ ምልክት መዘርጋት አያቅተውም። በቂ ላይፍ ጃኬት ማስቀመጥ፣ በኦሮምኛና በአማርኛ ማስጠንቀቂያ መጻፍ፣ የሠለጠነ ሕይወት አዳኝ መቅጠር ቅንጦት አይደለም። ጀልባ የሚያከራይ ሰው ጃኬት ያላደረገ ተሳፋሪ አልጭንም ማለት አለበት። ፈቃድ የሚሰጠውና የሚያድሰው አካል ደግሞ የአልጋውን አንሶላ ሲቆጥር የውሃውን ዳር ጠባቂም ይቁጠር። ሰው ከሞተ በኋላ አጣሪ ኮሚቴ ማቋቋም ጅብ ከሄደ በኋላ የሚጮህ ውሻ መሆን ነው።

የበዓሉ ጉዞ አይቅር። ላንጋኖም ይታይ፤ ሶደሬም ይታጠቡበት። ግን ጓዝ ሲጠቀለል መጀመሪያ ላይፍ ጃኬቱ ይግባ። ፊኑ ባለቤቱ መዋኘት እስኪማር ድረስ ሱቁ ውስጥ ይቆይ። ዕቃው አይበላሽም።