ኮምፒዩተር ማስጋለብ፦ ፈረሱን ሳይሆን እርካቡን አስቀድመው ይዩ

በቻምበርስ ሮድ አካባቢ ጎረምሳ ልጅ ያለው ወላጅ «ማዘርቦርድ ግዛልኝ» የሚል ጥያቄ ሳይቀርብለት አይቀርም። ዋጋው ከ100 ዶላር ገደማ ተነሥቶ ከ500 በላይ ይዘልቃልና፣ በታክሲና በመጋዘን የሌሊት ሥራ የተገኘ ገንዘብ ከኪስ ከመውጣቱ በፊት ነገሩን መመርመር ይበጃል።

ልጆቹ «ኦቨርክሎኪንግ» የሚሉት ፕሮሰሰሩን ፋብሪካው ከወሰነለት ፍጥነት በላይ ማስጋለብ ነው። ጥበቡ በአንድ ወቅት የድሃ መድኀኒት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1998 ከ150 ዶላር ያልበለጠው ሴሌሮን 300ኤ፣ አቢት ቢኤች6 በተባለው ማዘርቦርድ ላይ ተቀምጦ ከ300 ወደ 450 ሜጋኸርዝ ይወጣ ነበር። ይህ የ50 በመቶ ትርፍ ነው፤ በዚያው ፍጥነት የሚሸጠው ፔንቲየም 2 ደግሞ ከ600 ዶላር በላይ ያስከፍል ነበር። የዛሬ ፕሮሰሰሮች ግን ራሳቸው እስከ አቅማቸው ጫፍ ስለሚሮጡ፣ በእጅ የሚጨመረው ብዙውን ጊዜ ጥቂት በመቶ ብቻ ነው።

ልጁ ከቆረጠ ግን መጀመሪያ ቺፕሴቱን ይጠይቁ። በኢንቴል በኩል ፕሮሰሰሩ ስሙ በ«ኬ» ወይም በ«ኬኤፍ» የሚያልቅ፣ ማዘርቦርዱም እንደ ዜድ 790 ወይም ዜድ 890 ያለ መሆን አለበት። ቢ 760 ላይ ማፋጠን የሚቻለው ሜሞሪውን ነው። በኤኤምዲ በኩል አብዛኞቹ ራይዘኖች ክፍት ናቸው፤ ቢ 650 ይበቃል፣ ኤ 620 ግን ፕሮሰሰሩን ማስጋለብ አይፈቅድም። ይህን ሳያጣሩ ውድ ፕሮሰሰር ከማይፈቅድለት ሰሌዳ ጋር መግዛት ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው።

ሁለተኛው የቮልቴጅ መቆጣጠሪያው ክፍል ነው። የሚመጣለትን 12 ቮልት ወደ 1.2 ቮልት አካባቢ አውርዶ ለፕሮሰሰሩ ይመግባል። 250 ዋት የሚበላ ፕሮሰሰር በዚህ ቮልቴጅ 200 አምፔር ያህል ይስባል ማለት ነው። ስለዚህ በፕሮሰሰሩ ዙሪያ ባሉት ክፍሎች ላይ ወፍራም የብረት ሙቀት ማስወገጃ መኖሩን በዓይንዎ ይዩ። የሚያብለጨልጭ መብራት ፍጥነት አይጨምርም።

እዚህ ላይ የሀገራችን የኮሎራዶ ጣጣ ይመጣል። ዴንቨር 5,280 ጫማ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ከባሕር ጠረፍ ይልቅ 15 በመቶ ያህል የሳሳ በመሆኑ ያው ማራገቢያ የሚያነሣው ሙቀት ያንሳል። በሎስ አንጀለስ የተሞከረ ቁጥር አውሮራ ላይ ላይሠራ ይችላል። አዲስ አበባማ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ከዚህም ትብሳለች።

ሦስተኛው ባዮሱ ነው። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2024 የ13ኛና የ14ኛ ትውልድ የዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮቹ ከልክ ያለፈ ቮልቴጅ እየወሰዱ እንደሚጎዱ አምኖ፣ ዋስትናቸውን በ2 ዓመት አራዝሟል። መፍትሔው የደረሰው በባዮስ ማደሻ ነው። እንግዲህ አምራቹ ማደሻ በየጊዜው የሚያወጣለትን፣ ከተበላሸም ባዮሱን በቀላሉ ወደ ነበረበት የሚመልስ ቁልፍ ያለውን ይምረጡ። በማስጋለብ የመጣ ጉዳት ዋስትና ሊያሳጣ እንደሚችልም አይርሱ።

ኩዊንሲ አቬኑ ላይ ወዳለው ማይክሮ ሴንተር ጎራ ያለ ሰው ፕሮሰሰር፣ ማዘርቦርድና ሜሞሪ በአንድ ላይ ተጠቅልለው በቅናሽ ሲሸጡ ያያል። የእኔ ምክር አጭር ነው፤ ለማስጋለቢያ ሰሌዳ 150 ዶላር ከመጨመር ያንኑ ገንዘብ ለተሻለ ፕሮሰሰር ያውሉት። ልጁ መማር ከፈለገ ግን አይከልክሉት፤ በጥቂት በጥቂቱ ይጨምር፣ ሙቀቱን ይለካ፣ በየደረጃው ይፈትን። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

አሮጌው ኮምፒዩተር ለዘመድ ወደ አዲስ አበባ የሚላክ ከሆነ ደግሞ አስቀድመው ወደ ፋብሪካው ፍጥነት ይመልሱት፤ የኃይል ማከፋፈያውም 220 ቮልት መቀበሉን፣ ከኋላው መቀየሪያ ካለውም መዞሩን ያረጋግጡ። እዚያ መብራቱ ይወዛወዛል፤ የተቃጠለ ዕቃ መለወጫም እንደዚህ እንደኛ ሰፈር ደጅ ላይ አይገኝም።